ለእትዬ ዝናሽ የተተከለው ድንኳን

እትዬ ዝናሽ ወንዛዬ ፍል ውሃ የሄዱት ለጉልበታቸው ነበር። ክረምቱን ሙሉ ቁልቁለት በወረዱ ቁጥር ሲጠዘጥዛቸው ከርሞ፣ ጥቅምት ሲገባ፣ "ሰባት ቀን ታጥቤ እመለሳለሁ፤ እስከዚያ ማንም እንዳይፈልገኝ" አሉን። "የተጣላ እኔ ስመጣ ይታረቃል። ቧንቧ የፈነዳበትም ለሚመለከተው ይደውል፤ ቁጥሩን በሬ ላይ ለጥፌዋለሁ።" የራሳቸውን ስልክ ግን ሆን ብለው ቤት ውስጥ ትተው፣ በሩን ቆልፈው ሄዱ። ያለ ምክንያት አይደለም። አምና ይፋግ ለእህታቸው ልጅ ሠርግ ሄደው፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ ሰው ሁሉ እልል ሲል እሳቸው ጓሮ ቆመው የእኛን ሰፈር የቆሻሻ ጋሪ ተራ በስልክ ሲያከራክሩ ነው የዋሉት። እህታቸው እስካሁን እንደተቀየሙ ናቸው።

ሰፈራችን ጭቃ ሰፈር ይባላል። አሁን ጭቃ የለበትም፤ ስሙ ብቻ ነው የቀረው። ከስድስት ዓመት በፊት ግን ክረምት ከገባ ባጃጅ አይገባልንም ነበር፤ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ ተሸክመን ነበር የምናወጣ። እትዬ ዝናሽ ቤት ለቤት ዞረው፣ አንዱን ለምነው፣ አንዱን ቆጥተው፣ አንዱን ደጁ ላይ ተቀምጠው አልነሳም ብለው፣ መንገዱን ኮብልስቶን አስነጠፉት። ከዚያ ደግሞ በየመንገዱ ዳር ድንች ዘርግተው ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅባቸው፣ ደንብ አስከባሪ በመጣ ቁጥር ጆንያቸውን ተሸክመው ሲሮጡ የሚውሉትን ሴቶች ሰብስበው፣ ቦታ አስፈቅደው፣ ቆርቆሮ አልብሰው የድንች ተራ አቆሙላቸው። ዛሬ ከጉና ሥር የሚመጣው ድንች ሁሉ እዚያ ነው የሚራገፈው። የከተማው ሆቴሎች ሰው ልከው የሚገዙት ከእኛ ሴቶች ነው። እድሩንም የሚመሩት እሳቸው ናቸው።

ታዲያ ይወደዱ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ እውነቱን ልናገር፤ ይፈሩ ነበር። እትዬ ዝናሽ በማለዳ በመንገዱ ሲያልፉ መጥረጊያ ያልያዘ ሰው መጥረጊያ ፍለጋ ይሮጣል።

ሄደው በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ዳኛቸው የሚባል ወጣት ወደ ሰፈራችን መጣ። ከከተማው መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የሚሠራ፣ ደብረ ታቦር ከመጣ ሁለት ወር ያልሞላው ልጅ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሰፈር ያቀኑና ገበያ ያቆሙ ሴቶችን የሚሸልምበት በዓል ቅዳሜ ሊያከብር ተዘጋጅቷል። አለቃው አቶ ማሩ በጠዋት ጠርቶ፣ "የአንዷ ተሸላሚ የሕይወት ታሪክ አልደረሰንም። ሂድና ጠይቀህ ጻፍ። የሚሰቀል ትልቅ ፎቶም አምጣ" ብሎ ነው የላከው። ዳኛቸው ጨዋ ልጅ ነው። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ሲናገር እንደ ደብዳቤ ነው የሚናገረው።

የእትዬ ዝናሽን ቤት ተቆልፎ ሲያገኘው ወደ ድንች ተራው ሄደ። በር ላይ የምትሸጠው መሠረት ናት። የመጋዘኑን ቁልፍ የምትይዘውም እሷ ናት።

"ጤና ይስጥልኝ" አላት። "የወይዘሮ ዝናሽን ጉዳይ በተመለከተ ነበር የመጣሁት።"

"ምን ሆኑ?"

"የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ ታዝዤ ነው። ቅዳሜ ሕዝብ በተሰበሰበበት ይነበባል።"

የመሠረት እጅ ድንቹ ላይ ቀረ። በእኛ ዘንድ የሰው የሕይወት ታሪክ በሕዝብ ፊት የሚነበበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ባለቤቱ አይሰማም።

"ምን አልከኝ?"

"ትልቅ ፎቶግራፍም ያስፈልጋል። ዙሪያውን አበባ የሚደረግበት።"

"አንተ ልጅ! መቼ ነው?"

"ውሳኔው ለእኛ የደረሰን ትናንት ማታ ነው። ከላይ የመጣ ነው።"

"ከላይ!"

"አዎን። ከላይ ከተወሰነ በኋላ እኛ ልናደርገው የምንችለው ነገር የለም።"

"እንዲያው ወንዛዬ እንዳሉ?"

"የትም ቢሆኑ ለውጥ የለውም" አለ ዳኛቸው ሊያጽናናት። "ዕድሜ ልካቸውን ለፍተዋል። አሁን የልፋታቸውን ዋጋ የሚቀበሉበት ሰዓት ደርሷል።"

መሠረት ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና "ኧረ እናቴን! ኧረ እናቴን!" እያለች ብድግ አለች። ድንች ተራው በሙሉ ተከትሏት ተነሣ። ሚዛን ተገለበጠ፤ ድንች ቁልቁል ተንከባለለ። ዳኛቸው በኋላ ሲነግረን፣ ያን ጊዜ ደስታ መስሎት ነበር። እሱ ያደገበት አገር ሰው ሲደሰት ምን እንደሚሆን እኔ አላውቅም። ብቻ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ "የሕዝብ ፍቅር፦ ከፍተኛ" ብሎ ጻፈ።

ልቡ ያልተቀበለ አንድ ሰው ወደ እትዬ ዝናሽ ስልክ ደወለ። ስልኩ ከተቆለፈው ቤት ውስጥ ሲጠራ በመስኮቱ ተሰማ። መጥሪያው የቅዳሴ ዜማ ነው። እሱን ስንሰማ እስከዚያ ያላለቀስነውም አለቀስን።

የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ጌጡ ነው፤ ባለባጃጅ ነው። ድሮ በእግሩ እየዞረ ነበር የሚነፋ። አሁን በአንድ እጁ መሪ፣ በአንድ እጁ ጡሩምባ ይዞ ሰፈሩን በሰባት ደቂቃ ይጨርሰዋል። "ወይዘሮ ዝናሽ አርፈዋል! ወደ እድሩ ቤት ውጡ!" እያለ አለፈ። ጡሩምባ በተነፋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን መቆም አለበት የሚለውን ደንብ ያወጡት እትዬ ዝናሽ ናቸው። እሳቸው ቆመው ሰዓት እየያዙ ባሉበት ዘመን እንኳ ከአንድ ሰዓት አልወረደም። ያን ቀን በአርባ ደቂቃ ቆመ። አግዳሚው ተደረደረ፤ ትልቁ ድስት ተጣደ፤ ስንዴውና ባቄላው ለንፍሮ ተዘፈዘፈ፤ የውሃ በርሜሉ ተሞላ። ማንም ማንንም አላዘዘም። ሁሉም ሰው የትኛውን ዕቃ ከየት እንደሚያመጣ አሳምሮ ያውቃል።

የአስተዋይ ሰው ጥያቄ የጠየቁት መሪጌታ ገብረእግዚአብሔር ብቻ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር የቅኔ ተማሪዎችን የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው።

"አስከሬኑ የት ነው?" አሉ።

"ወንዛዬ።"

"ማን አየው?"

"መንግሥት" አለ ጌጡ።

"መንግሥት በምን ዐይኑ?"

"ደብዳቤ የያዘ ሰው ልኳል፤ ያውላችሁ፣ ከርቫት ያሰረው።"

መሪጌታ ዳኛቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ከርቫቱንም አዩት። ከዚያ ገብተው ተቀመጡ። ይሻው የሚባለው የእድራችን ጸሐፊ ሦስት ሰው አስከትሎ፣ አንድ ሚኒባስ ይዞ፣ አስከሬኑን ሊያመጣ ወደ ወንዛዬ ወረደ።

ዳኛቸው ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው። ጡሩምባውን ሰምቷል፤ ድንኳኑን አይቷል። "እኔ ሞተዋል አላልኩም" ሊል አፉን ሲከፍት አንድ ሽማግሌ አቅፈው ትከሻው ላይ አለቀሱበት። ዞር ብሎ ለአለቃው ደወለ።

"ጌታዬ፣ ወይዘሮ ዝናሽ... ሞተዋል እየተባለ ነው።"

"ሞቱ?" አለ አቶ ማሩ። "ምነው እስከ ቅዳሜ ቢጠብቁን!"

"እውነት መሆኑን እርስዎ ያውቃሉ?"

"አንተ አይደለህ እንዴ የነገርከኝ? በል ጽሑፉን አስተካክለው። 'ናቸው' ያልከውን ሁሉ 'ነበሩ' አድርገው።"

ዳኛቸው ስልኩን ሲዘጋ እሱም አመነ። አለቃው አውቆ፣ ሕዝቡ አልቅሶ፣ ድንኳን ቆሞ እሱ ብቻ ምን ብሎ ይጠራጠራል? ምናልባት እሱ ሲመጣ እሳቸው በእርግጥ ሞተው ኖሮ ይሆናል፤ አጋጣሚ ነው። ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ደብተሩን ከፈተ፤ ሳያስበውም እንባው መጣ።

ሰው ጸሐፊ መኖሩን ሲያይ እየተነሣ ይመጣለት ጀመር።

"ጻፍ" አለው ጌጡ። "በጠላ ሞቅ ብሎኝ ጡሩምባ ነፍቼ ቀጥተውኛል። ያላረፈ ሰው አርፏል ብዬ ነበር።"

"እሱን ልጻፈው?"

"ጻፈው። ቀጥለህ ደግሞ፣ ሁለት ወር ወገቤን አሞኝ ስተኛ ባጃጄ አንድ ቀን ቆማ አልዋለችም በል። አራት ሾፌር በተራ መድበው ገቢዋን ማታ ማታ ለሚስቴ ያስረክቡ ነበር። እኔን ግን አልጠየቁኝም። በመስኮት ብቅ ብለው 'ተነሥ እንጂ፣ ሰው እየሞተ ነው፣ ማን ይንፋ?' ነው የሚሉኝ።"

መሠረት መጣች። "እኔ ፊደል የቆጠርኩ ሴት አይደለሁም። የመጋዘን ቁልፍ ሲሰጡኝ አልችልም ብዬ አለቀስኩ። 'እያለቀስሽ ያዥው' አሉኝ። ይኸው አምስት ዓመቴ። አሁን በስሜ እፈርማለሁ።"

መሪጌታም ሳይጠሩ መጡ። "መንገዱ ሲነጠፍ የማገዶ ክምሬን ከደጄ አስነሥተውብኛል። ስድስት ዓመት ተቀይሜአለሁ። ነገር ግን ተማሪዎቼ በየደጁ ሲለምኑ ውሻ እየነከሳቸው ቢያዩ፣ የትኛው ቤት በየትኛው ቀን እንደሚያበላቸው ተራ አውጥተዋል። ከዚያ ወዲህ የተነከሰ የለም። ቂሜንም ጻፈው፣ ይህንንም ጻፈው።"

ዳኛቸው ሁሉንም ጻፈ። ፎቶው ከመሠረት ስልክ ላይ ተገኝቶ ፎቶ ቤት ተልኮ ጎልቶ መጣ። ድንች ተራው የተመረቀ ዕለት የተነሣ ነው። እትዬ ዝናሽ ሌባ ጣታቸውን ቀስረው፣ አፋቸውን ከፍተው ቆርቆሮ የሚመታውን ሰው ሲቆጡ ያሳያል። ሌላ ፎቶ አልነበራቸውም። ምሰሶው ላይ ሰቀልነው፤ ከሥሩ ያለፈ ሁሉ ሳያውቀው ልብሱን ያስተካክል ነበር።

አልቃሽዋ ገነት ናት። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ እያለ ሙሾውን ጀመረች፦

"ድንጋይ አስነጥፈሽ ጭቃውን ያራቅሽው፣
በየትኛው መንገድ ነው ጥለሽን የሄድሽው?"

በዚህ ሰዓት እትዬ ዝናሽ ከአስፋልቱ ላይ ከሚኒባስ ወረዱ። ሰባቱን ቀን አልጨረሱም። በወንዛዬ ሰው ያለ ተራ እየተጋፋ ሲታጠብ አይተው ማለፍ አልቻሉም። በሁለተኛው ቀን ወረፋ አስያዙ፤ በሦስተኛው ቀን ወረፋ አላከበረም ካሉት ሰው ጋር ተሟገቱ፤ በአራተኛው ቀን ጉልበታቸው ብሶባቸው "ይልቅ ቤቴ ልረፍ" ብለው ተነሡ። በአንድ እጃቸው ልብስ የያዘ ፌስታል፣ በሌላው ፍል ውሃ የሞላ ጀሪካን ይዘው ወደ ሰፈር ሲገቡ የእድሩን ድንኳን አዩ።

ማን እንደሞተ አያውቁም። ግን የእኛ ድንኳን ነው፤ የሞተውም የእኛ ሰው ነው። ጀሪካኑን ከበር አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ "ወገኔን! ወገኔን!" እያሉ አልቅሰው ገቡ። ሰው ሁሉ አቀርቅሯል፤ ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። በሴቶቹ በኩል፣ ከሌላ ሰፈር ከመጣች አንዲት ሴት አጠገብ ተቀመጡ።

"እህቴ፣ ማናቸው የሞቱት?" አሏት በሹክሹክታ።

"እኔም በመልክ አላውቃቸውም። ይህን እድር ቀጥ አድርገው የያዙ፣ ገበያውን ያቆሙ ትልቅ ሴት ናቸው አሉ።"

እትዬ ዝናሽ ቅር አላቸው። "ይህን እድር? ከእኔ ሌላ ቀጥ አድርጎ የያዘው ማን ነው?" አሉና ቀና አሉ። ያን ጊዜ ገነት ቀጠለች፦

"ቆርቆሮ አልብሰሽ የድንቹን ገበያ፣
አንቺ ብቻ ቀረሽ ያለ መጠለያ!"

ቀስ ብለው ዐይናቸውን ወደ ምሰሶው አነሡ። ከራሳቸው ጣት ጋር ተፋጠጡ።

"ገነት!" አሉ።

ድምፁን የማያውቅ የለም። ንፍሮ ይዞ ሲያድል የነበረው ጌጡ ትሪውን ለቀቀው። "በስመ አብ ወወልድ!" ያለው፣ አግዳሚ የዘለለው፣ የሰው እግር የረገጠው ብዙ ነው። በኋላው በር ሊወጡ የተጋፉት ሰዎች ገመዱን ጠልፈውት የድንኳኑ ግማሽ በወንዶቹ ላይ ወረደ።

"ካስማውን!" ብለው ጮኹ እትዬ ዝናሽ። "ካስማውን ያዙ እንጂ የት ትሮጣላችሁ? ጌጡ፣ በዚያ በኩል! መሠረት፣ ድስቱን ከእሳቱ አርቂ!"

የሚያስደንቀው፣ ሞተዋል ብሎ የሸሸው ሰው ሁሉ ትእዛዙን ሲሰማ ተመልሶ ካስማውን ያዘ። ድንኳኑ ቀና አለ።

"አሁን ንገሩኝ። የሞተው ማን ነው?"

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አንቱ ነዎት።"

"እኔ?"

"እንደተባለው ከሆነ።"

እትዬ ዝናሽ ክንዳቸውን ዳሰሱ፤ የእውነት መኖራቸውን የሚያረጋግጡ መሰለኝ። ከዚያ ወደ ገነት ዞሩ። "ለመሆኑ አንቺ፣ ቆሜ ሳለሁ አንቱ ትይኝ አልነበር? ስሞት ነው እኩያሽ የሆንኩት?"

"እትዬ፣ በአንቱ ግጥሙ አይመታም" አለች ገነት እያለቀሰች።

መሠረት ተንደርድራ ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች፤ ጉልበታቸውን ስታቅፍ አመማቸውና "ቀስ! ቀስ በይ!" አሉ። ያን ጊዜ ነው በሕይወት መኖራቸው ለሁላችን የገባን። ድንኳኑ እንደገና አለቀሰ፤ ቀጥሎ እልል አለ፤ ቀጥሎ የሞታቸውን ወሬ ያመጣው ማን ነው ተባለ። ሁሉም ጣት ወደ ጥግ አመለከተ።

ዳኛቸው ከርቫቱን እያላላ ቀረበ። "እኔ ሞተዋል አላልኩም። የሕይወት ታሪክ ነው ያልኩት።"

"በቁሙ ያለ ሰው የሕይወት ታሪክ ይነበባል?" አለ አንዱ ከሰው መሃል።

"ሊሸለሙ ነው እኮ! ቅዳሜ፣ በአዳራሽ። ሰፈር ያቀኑ ሴቶች ተብለው።"

"'ከላይ ተወስኗል' ብለኸኝ አልነበር?" ጮኸች መሠረት።

"ከበላይ ኃላፊዎች ማለቴ ነው!"

"የልፋታቸውን ዋጋ ይቀበላሉ ያልከኝስ?"

"የምስክር ወረቀት ነው! የምስክር ወረቀትና አንድ ጋቢ!"

መጀመሪያ የሳቁት መሪጌታ ናቸው። ሽማግሌው ሲስቁ አይተን የማናውቅ ሁሉ አየን። እትዬ ዝናሽ ግን አልሳቁም። "ምን ጻፍክ? አንብብልኝ" አሉት።

ዳኛቸው አነበበ። የጌጡን ጠላ፣ ባጃጇን፣ "ተነሥ እንጂ፣ ማን ይንፋ?" ያሉትን፣ መሠረት እያለቀሰች የያዘችውን ቁልፍ፣ የመሪጌታን ማገዶና ቂም፣ የተማሪዎቹን ተራ። ሌሎቻችንም ያልነውን ሁሉ። እትዬ ዝናሽ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙ። ሲጨርስ ዐይናቸውን በነጠላቸው ጠረግ አደረጉ።

"ጌጡ፣ ይህን ያልከው አንተ ነህ?"

"ለሞተ ሰው ነው ያልኩት እትዬ" አለ ጌጡ አፍሮ። "መኖርዎን ባውቅ ኖሮ አልናገርም ነበር።"

"ስድስት ዓመት ሙሉ ሁላችሁም የምትጠሉኝ ይመስለኝ ነበር" አሉ። ሰው መልስ ሊሰጣቸው ሲያስብ ስልክ ጮኸ። የመሠረት ነው፤ የደወለው ይሻው ከወንዛዬ። እየጮኸ ስለነበር ሁላችንም ሰማነው።

"መሠረት! አስከሬኑን አሸሹብን! ሰዎቹ ዓይን አውጣ ናቸው! ሴትዮዋ ጠዋት በእግሯ ወጥታ ሄዳለች ይሉናል! እኔ ካላሳያችሁኝ አልሄድም ብዬ መግቢያው ላይ ተቀምጫለሁ! ደግሞ ይስቃሉ! 'ወረፋ ያስያዙን ሴትዮ ናቸው' ብለው ይሳለቃሉ!"

እትዬ ዝናሽ ስልኩን ተቀበሉ። "ይሻው፣ ሰዎቹን አታስቸግር። ተነሥና ና።"

ከዚያኛው ወገን "እሺ እትዬ" የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ አንድ ነገር የወደቀ ድምፅ። አብረውት የሄዱት እንደነገሩን ስልኩ ነው የወደቀው፤ ቀጥሎ ግን እሱም ወደቀ።

ያን ቀን እስኪመሽ ከየሰፈሩ የሚመጣውን ለቀስተኛ ማቆም አልቻልንም። ሰው "ወይኔ እናቴ!" እያለ እየገባ ሟችን ከመሃል ተቀምጠው ያገኛል። ጌጡን በባጃጅ አዙረን "አላረፉም!" እንዲል ብናደርግም፣ ከጡሩምባው ጋር ስለሚለው ሰው የባሰ ግራ ገባው። ንፍሮው ግን አልተረፈም። እትዬ ዝናሽ ራሳቸው ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉ፤ "ጨው ያንሰዋል" አሉ።

ቅዳሜ አዳራሹ የተዘጋጀው ለመቶ ሰው ነበር። እኛ ብቻ ከሦስት መቶ በላይ ሆነን ሄድን። ሐሙስ ሥራ ፈትተን አልቅሰን ቅዳሜ እንዴት እንቀራለን? ይሻውም መጥቶ ነበር፤ ከኋላ ተደብቆ። ዳኛቸው "ነበሩ"ን ሁሉ ሰርዞ "ናቸው" አድርጎ መልሶ ጽፎታል፤ ሳያሳጥር፣ ሳያሳምር እንደነገርነው አነበበው። የሌሎቹ ተሸላሚዎች ታሪክ "በትጋት" እና "በቁርጠኝነት" የተሞላ ነበርና፣ ማገዶው ላይ ሲደርስ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መሪጌታ ብድግ ብለው እጅ ነሡ።

እትዬ ዝናሽ ጋቢውን ለበሱና ማይኩን ያዙ።

"ይህ ልጅ ያነበበው እውነት ነው፤ ግን ጎዶሎ ነው" አሉ። "ያን ቆርቆሮ ብቻዬን አልተሸከምኩም። የድንች ተራ ሴቶች፣ ተነሡ!"

ሠላሳ አንድ ሴቶች ተነሡ። ያፈረችም ነበረች፤ ጎረቤቷ ጎትታ ያስነሣቻትም ነበረች። መሠረት ቀጥ ብላ ቆመች።

"እነዚህ ናቸው። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ከገበያው በላይ ያለው የጎርፍ ቦይ ተደፍኗል። አራት ጊዜ ማመልከቻ አስገብተናል።"

አቶ ማሩ ፈገግ እያለ ማይኩን ሊወስድ እጁን ዘረጋ። "እናታችን፣ ሰዓቱ እያለቀ ስለሆነ..."

"ልጄ፣ አሁን ሦስት መቶ ሰው አለ። መቼ እንደምትጠርጉት በሕዝቡ ፊት ንገረኝና እቀመጣለሁ።"

አቶ ማሩ አዳራሹን አየ። አዳራሹም እሱን አየው። "በሁለት ሳምንት" አለ፤ ግንባሩን ጠረገ።

"ዳኛቸው፣ ጻፍ" አሉ እትዬ ዝናሽ።

መሥሪያ ቤቱ በዚያ ሩብ ዓመት ሪፖርቱ፣ በዓሉ "ኅብረተሰቡን በከፍተኛ ደረጃ በማነቃነቅ" መከበሩን እንደገለጸ ዳኛቸው ነግሮናል። እንዴት እንዳነቃነቀው አልተጠየቀም፤ እሱም አልተናገረም። አሁን እኛ ሰፈር ቤት ተከራይቶ እድር ገብቷል። እድሩም ሁለት ሰው አስከሬኑን በዐይኑ ሳያይ ጡሩምባ እንዳይነፋ የሚል ደንብ ጨምሯል።

ቆፋሪዎቹ የመጡት በአሥራ ስድስተኛው ቀን ነው። ሁለት ቀን በመዘግየታቸው እትዬ ዝናሽ የሚገባቸውን ነግረዋቸዋል። ሴቶቹ አፈሩን በጆንያ ያወጣሉ፤ ጌጡ በባጃጁ ድንጋይ ያመላልሳል። አሥራ አንደኛውን ጭነት ሲያራግፍ እትዬ ዝናሽ ከቦዩ ዳር ሆነው አዩት።

"ጎበዝ፣ ጌጡ" አሉት።

ጌጡ ድንጋዩን እንደያዘ ቆመ። ሰውዬው በሃያ ዓመት ጉርብትና ይህን ቃል ከእሳቸው ሰምቶ አያውቅም። ድንጋዩን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠና ቀረብ ብሎ ፊታቸውን አየ።

"እትዬ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አሞዎታል እንዴ?"